ዝንብ የምትይዘው ተክሌ እየጠቆረች ነው፣ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከደብረ ብርሃን ነኝ። ወንድሜ ከውጭ ያመጣልኝ ቬነስ ፍላይትራፕ አለችኝ። ክረምቱን ከጣሪያ ባጠራቀምኩት የዝናብ ውሃ ስታምር ከረመች። ዝናቡ ሲያበቃ የቧንቧ ውሃ ጀመርኩላት። ይኸው ኅዳር ላይ ቅጠሎቿ ከጫፍ እየጠቆሩ ነው፤ አዲስ የሚወጣውም ትንንሽ ሆኗል። በውሃው ውስጥ ያለው ማዕድን ሥሯን እንደሚጎዳ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ግን የሌሊቱ ውርጭም አለ፤ በአገሯ በአሜሪካ ካሮላይና በብርዱ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ወር ታንቀላፋለች። እንቅልፍ ይሁን ሞት በምን ልለየው? አፈሯን ልቀይር ወይስ ሥሯን ሳልነካ ልጠብቅ? ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ውሃስ ይሆናታል? አሲድ ይኖረው ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያሳደገ ሰው ካለ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ፤ በጣም ነው የምሳሳላት።