ለ75 ፈረስ ጉልበት ትራክተር የትኛው ገልባጭ ተሳቢ ይሻላል፤ 3፣ 5 ወይስ 8 ቶን?

ሦስቱ ሸሪኮች (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማሲ ፈርጉሰን 375 ትራክተር አለን፤ 75 ፈረስ ጉልበት፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳ፣ ክብደቱ 2.8 ቶን ገደማ። የሚጎትተው ገልባጭ ተሳቢ ልናሠራ ነው። ሥራችን በጅማ ከተማ አሸዋ፣ ጠጠርና ሸክላ ጡብ ማመላለስ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ ከመፈልፈያ ቤቶች የቡና ገለፈት እናወጣለን። መንገዱ ከ20 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በሰርቦ በኩል፣ በአጋሮ በኩል፣ አልፎ አልፎም ወደ ጅሬን ዳገት። ብረታ ብረት ቤቱ ሦስት ምርጫ ሰጥቶናል፦

3 ቶን፦ ካሶኒ (የጭነት ሣጥኑ) 2.8 በ1.8 ሜትር፣ ስፖንዳ (የጎን ግድግዳው) 40 ሳንቲም፣ አንድ አክስል (የጎማ ዘንግ)
5 ቶን፦ 3.5 በ2 ሜትር፣ ስፖንዳ 50 ሳንቲም፣ አንድ አክስል፣ ሁለት ጎማ 7.50-16
8 ቶን፦ 4.2 በ2.2 ሜትር፣ ስፖንዳ 60 ሳንቲም፣ የፊቱ አክስል ከመጎተቻው ጋር የሚዞር፣ ባለ አራት ጎማ

የዋጋው ልዩነት ያን ያህል ስላልሆነ አንዴ ትልቁን ወስደን እንገላገል የሚል ሐሳብ አለ። ምን ትላላችሁ?

ቴላዮ
ትልቁን መውሰድ መገላገል አይደለም። መጀመሪያ «5 ቶን» የሚለውን ስም እርሱትና ካሶኒውን በሜትር ኩብ አስሉት። 3.5 × 2 × 0.5 = 3.5 ሜትር ኩብ። እርጥብ አሸዋ በሜትር ኩብ 1.9 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ እስከ ስፖንዳው አፍ ከሞላችሁት 6.6 ቶን ጫናችሁ ማለት ነው። «3 ቶን» የተባለው 2 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ በእርጥብ አሸዋ 3.8 ይሆናል። ስምንቱ 5.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ከ10 ቶን በላይ። ሦስቱም ሲሞሉ ከስማቸው በላይ ይጭናሉ። ጫኞች ደግሞ የሚያዩት ስፖንዳውን እንጂ ሚዛኑን አይደለም። ደረቅ ጠጠር ቀለል ይላል፣ 1.5 ቶን ገደማ፤ እሱም ቢሆን የ5 ቶኑን ካሶኒ ሲሞላ 5.2 ይደርሳል።

ገለፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ሜትር ኩቡ ከ200 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ያው 3.5 ሜትር ኩብ 700 ኪሎ ብቻ ይሆንና ትራክተሩ አየር ሲጎትት ይውላል። ስለዚህ ርዝመትና ስፋቱን በ5 ቶኑ ልክ አድርጉ፣ ቋሚው ስፖንዳ ግን 35 ሳንቲም ይሁን። 2.45 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ እርጥብ አሸዋ ቢሞላም 4.7 ቶን ነው፣ ጫኙ ቢሳሳት እንኳ አያልፍም። ለገለፈት ደግሞ የሚነሣ የሽቦ መረብ ስፖንዳ አሠሩለት፤ ጠቅላላ ከፍታው 1.5 ሜትር ሲደርስ 10.5 ሜትር ኩብ፣ 2.1 ቶን ይወጣዋል። ከላይ መረብ ወይም ሸራ ካልተሸፈነ ግማሹን ነፋስ መንገድ ላይ ያራግፈዋል።

አባ ጎማ
በቴላዮ ሐሳብ እስማማለሁ፣ ግን ጎማውን ማንም አላየውም። የ5 ቶኑ ተሳቢ ባዶው 1.5 ቶን ቢሆን ከነጭነቱ 6.5 ቶን ነው። ከዚህ 600 ኪሎ ያህሉ በመጎተቻው በኩል ትራክተሩ ላይ ያርፋል፤ 5.9 ቶኑን የተሳቢው ጎማዎች ይሸከማሉ። የጎማውን ጎን አንብቡ፦ 7.50-16 ላይ 122/118 ከተጻፈ 122 ማለት ለነጠላ ጎማ 1500 ኪሎ፣ 118 ደግሞ በጥንድ ሲገባ ለእያንዳንዱ 1320 ኪሎ ነው። ሁለት ነጠላ ጎማ 3 ቶን ብቻ! ስሙ አምስት፣ እግሩ ሦስት።

በጥንድ አራት ጎማ ብታደርጉት 5280 ነው፤ አሁንም አይደርስም። ሁለት አክስል ተቀራርበው፣ በአንድ ባሌስትራ (የብረት ንጣፍ ሞላ) ሚዛን ተያይዘው፣ አራት ነጠላ ጎማ ሲሆን ግን 6000 ይሞላል። በጥንድ ጎማ መሃል ድንጋይ እየተሰነቀረ ጎኑን የሚበላው ችግርም አብሮ ይቀራል። ጉዳቱ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ስትጠመዝዙት ጎማው እየተፋቀ ያልቃል፤ ሄርማታ ገበያ ዙሪያ ባዶውን እንኳ ሰፋ አድርጋችሁ አዙሩ። አሮጌ ጎማ የምታስገቡ ከሆነ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑት።

ሻይ ቤት
አባ ጎማ ስምህ ከጎማ ወረዳ ነው ወይስ ከመኪና ጎማ? 😄

አባ ጎማ
ከሁለቱም። አሁን ፍሬን የሚያውቅ ሰው ይምጣ።

ማርሽ ሁለት
እኔ 8 ቶኑን አልጠላም። 75 ፈረስ ጉልበት ሜዳ ላይ 10 ቶን ይጎትታል። ሥራ ሲሰፋ እንደገና ሌላ ከማሠራት ይሻላል።

ቴላዮ
ሜዳ ላይ ልክ ነህ። ጅማ ግን ሜዳ ብቻ አይደለችም፤ ጉዳዩም የሞተሩ ጉልበት ሳይሆን የኋላ ጎማው መሬቱን መቆንጠጡ ነው። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር የሚወጣ ዳገት እንውሰድ። እያንዳንዱ ቶን 100 ኪሎ ወደ ኋላ ይጎትታል። ጠጠር መንገድ ላይ ለመንከባለል ብቻ ደግሞ በቶን ሌላ 30 ኪሎ ጨምር።

በ5 ቶኑ፦ ትራክተር 2.8 + ተሳቢ 6.5 = 9.3 ቶን። የሚያስፈልገው ጉተታ 1200 ኪሎ ገደማ። የትራክተሩ የኋላ አክስል ላይ 1.8 ቶን አለ፤ ከመጎተቻው 600 ሲጨመር 2.4 ይሆናል። ደረቅ ጠጠር ላይ ጎማ ከተሸከመው 60 ከመቶ ያህል ይቆነጥጣል፣ 1440 ኪሎ። ይወጣል።

በ8 ቶኑ፦ ባዶው 2.3 ቢሆን ጠቅላላው 13.1 ቶን፣ የሚያስፈልገው 1700 ኪሎ። የዚህ ዓይነቱ ባለ አራት ጎማ ክብደቱን ለራሱ ስለሚይዝ ትራክተሩ ላይ ምንም አይጭንም። ቁንጥጫው 1080 ብቻ። ጎማው ቆሞ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ነው።

ክረምት ላይ ዋልካው ሲርስ ቁንጥጫው በግማሽ ይወርዳል፣ መንከባለያውም በቶን ወደ 80 ኪሎ ይወጣል። ያኔ 5 ቶኑም በዚያ ዳገት አይወጣም፤ ግማሽ ጭነትም አያድነውም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከአስፋልትና ከጠጠር የሚያስወጣ ሥራ አትቀበሉ፣ ወይም ዕቃውን አስፋልት ዳር ለማራገፍ ተስማሙ። የኋላ ጎማዎቹን ሦስት አራተኛ ውኃ መሙላት በየጎማው ወደ 200 ኪሎ ይጨምራል፤ ርካሽ መፍትሔ ነው፣ ተአምር ግን አይሠራም።

ጋራዥ በር
ስለ መውጣት ብቻ አወራችሁ። የሚገድለው መውረዱ ነው። 2.8 ቶን ትራክተር ፍሬን የሌለው 6.5 ቶን ተሳቢ ከኋላ ሲገፋው መሪው ምንም አይሠራም፤ ተሳቢው ትራክተሩን ከጎን አጥፎ ይገለብጠዋል። ብረታ ብረት ቤቱ «ትራክተር ስለሆነ ፍሬን አያስፈልገውም» ካላችሁ ሌላ ቤት ሂዱ። ከአሮጌ አይሱዙ የወጣ አክስል ከነታምቡሩና ከነፍሬን ሸራው ይገኛል፤ ፍሬኑ ከትራክተሩ ወንበር የሚታዘዝ ይሁን። የእጅ ፍሬንና ጎማ ሥር የሚገባ ሁለት የእንጨት ታኮም ይኑረው።

ሾፌሩ ሁለት ነገር ይልመድ። አስፋልት ላይ የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎቹ በመቆለፊያቸው ይያያዙ፤ ሳይያያዙ አንዱን ከረገጠ ትራክተሩ በአንድ ጎን ይዞራል። ሁለተኛ፣ ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረድ፣ መሃል ላይ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ አይቀይር።

የሚጎተተው ከታችኛው መጎተቻ ብረት ብቻ ነው። ከላይኛው የሦስት ነጥብ ማያያዣ ከሳባችሁ የፊት ጎማው ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። በተጨማሪ ከፒኑ ሌላ የጥንቃቄ ሰንሰለት አስሩ።

ሦስቱ ሸሪኮች (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልን። እንግዲያው 3.5 በ2፣ ቋሚ ስፖንዳ 35፣ ሁለት አክስል፣ ከነፍሬኑ። የማንሻው ፒስቶንስ? ከአሮጌ ገልባጭ የወጣ ባለ ሦስት እጥፍ አለ፣ የመጀመሪያው ውፍረት 10 ሳንቲም ነው። ጡብ ላይ ደግሞ ስንት ፍሬ እንጫን?

ጋራዥ በር
ውፍረቱ ይበቃል። 10 ሳንቲም ማለት 78 ካሬ ሳንቲም ነው፤ በ150 ባር የዘይት ግፊት ከ11 ቶን በላይ ይገፋል። እጥፎቹ እየቀጠኑ ሲሄዱ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ያኔ ግን ጭነቱም ፈስሷል። የምትለኩት የሚዘረጋበትን ርዝመት ነው። ከኋላ ማጠፊያው 1.6 ሜትር ላይ ከተተከለ ካሶኒውን 45 ዲግሪ ለማንሣት 1.22 ሜትር መዘርጋት አለበት። እርጥብ ጭቃማ አሸዋ 50 ዲግሪ ካልደረሰ አይለቅም፤ ለዚያ 1.35 ያስፈልጋል።

ዘይቱ ከትራክተሩ ጊር ቦክስ ነው የሚወጣው፣ ወደ 10 ሊትር። ካሶኒው ወርዶ ሳለ ልኩን እዩ፤ ተነሥቶ ሳለ ከሞላችሁት ሲወርድ ይተርፋል። ካነሰ ፖምፓው አየር ይስብና ካሶኒው እየተንቀጠቀጠ ይነሣል። አሮጌው ፒስቶን ውስጥ ያለው ዘይት ቆሽሾ ከሆነ ሳታጥቡት አትግጠሙ፣ ቆሻሻው የትራክተሩን ፖምፓ ይበላል።

ስትገለብጡ መሬቱ ወደ ጎን ያዘነበለ እንዳይሆን፣ የኋላ ስፖንዳው አስቀድሞ ይከፈት፣ ቀና ብላችሁም የመብራት ሽቦ እዩ። ከተነሣ ካሶኒ ሥር ሰው የሚገባው የብረት ድጋፍ ከተደረገ በኋላ ብቻ ነው፤ ድጋፉ ከቴላዮው (ከተሳቢው የታች ብረት) ጋር በማጠፊያ ይበየድ፣ ለብቻው የሚቀመጥ ከሆነ በሳምንቱ ይጠፋል።

የሸክላ ሰው
ስለ ጡቡ፦ ቦዬና ኪቶ አካባቢ የሚቃጠለው መጠኑ ከምድጃ ምድጃ ይለያያል፣ ስለዚህ አሥር ፍሬ መዝኑና አካፍሉት። አንዱ 2.8 ኪሎ ከሆነ 1700 ፍሬ 4.76 ቶን ነው፤ ከዚያ አትለፉ። ዝናብ የመታው ክምር ውኃ ስለሚጠጣ ይከብዳል፣ ያን ቀን 1500። ድርድሩ ከፊት ግድግዳው ጀምሮ እኩል ከፍታ ይኑረው፤ ከኋላ ካበዛችሁት መጎተቻው ወደ ላይ እየሳበ የትራክተሩን የኋላ ጎማ ያቀለዋል። ጡብ ደግሞ አይገለበጥም፣ በእጅ ነው የሚወርደው፤ ከገለበጣችሁት የተሰበረውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

አባ ጎማ
አንድ ልጨምር። የመጀመሪያውን ጭነት አድርሳችሁ ስትመለሱ የቸርኬ ብሎኖቹን እንደገና አጥብቁ፣ ኩሽኔታውንም (ጎማው የሚሽከረከርበትን) በእጅ ዳስሱ። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለ ወይ ግራሶ አንሷል ወይ ፍሬኑ ይዟል። አስፋልት ላይ የምትወጡ ከሆነ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ስለ ሰሌዳ፣ ስለ ቦሎና ስለ ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ጠይቁ፤ የኋላ መብራትና አንጸባራቂው የት እንደሚበየድ በዚያው ይታወቃል።