ጡረታ የወጣ ፖሊስ ከዕፅ አዘዋዋሪዎች ጋር የሚፋለምበት ፊልም፦ ታሪኩ እንዲታመን፣ ተኩሱም ሰው እንዳይጎዳ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ድርሰት ጸሐፊ)

ጤና ይስጥልኝ። የ40 ደቂቃ የአክሽን ፊልም ድርሰት ጽፌ ልንቀርጽ እየተዘጋጀን ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ የ61 ዓመት ሰው ነው፤ ዕድሜውን በወንጀል ምርመራ አሳልፎ ጡረታ ወጥቷል። የእህቱ ልጅ ለዕፅ አዘዋዋሪዎች ዕቃ ስታመላልስ ትሞትና ብቻውን ይነሣባቸዋል። ያነበቡት ሁሉ «ይሄ ሽማግሌ ሃያ ጎረምሳ እንዴት ይጥላል?» አሉኝ። መጨረሻ ላይ ደግሞ መጋዘን ውስጥ የሚደረግ የተኩስ ትዕይንት አለ። ገንዘባችን ትንሽ ስለሆነ «እውነተኛ ሽጉጥ ተውሰን በባዶ ጥይት እንቅረጸው» የሚሉ ከቡድናችን አሉ፤ እኔ ግን ፈርቻለሁ። አንዲት ተዋናይ ዱቄት በአፍንጫዋ የምትስብበትም ቦታ አለ፤ በምን እንተካው? የምታውቁትን አካፍሉኝ።

የቀድሞ መርማሪ

ልጄ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ለእኔ ተዪው፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ የሠራሁት በምርመራ ነው። ታሪክሽ ያልታመነው ሰውየው ስላረጀ አይመስለኝም፤ ገና ሥራ ላይ ያለ ፖሊስ አድርገሽ ስለጻፍሽው ነው። መታወቂያውንና ሽጉጡን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ ሰው ጠርቶ ቃል መቀበል፣ ቤት መፈተሽ፣ ከባንክ ሰነድ መጠየቅ አይችልም። በር ሰብሮ ከገባ እሱም ወንጀለኛ ነው፤ የተከሳሹ ጠበቃም «ይህን ማስረጃ ማን አመጣው? እንዴት አገኘው?» ብሎ ያፋጥጠዋል። ሁሉን እያወቀ እጁ መታሰሩ ከየትኛውም ድብድብ በላይ ያስጨንቃል።

ያልተነጠቀውም ነገር አለ። ያየውን ፊት አይረሳም፣ ማን ለማን እንደሚሠራ ያውቃል፣ ቀኑን ሙሉ አንድ በር እያየ መቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ዕፁን ትቶ ገንዘቡን ይከተል። ዕቃ የምታመላልሰው ልጅ ዋናውን አለቃ አይታው አታውቅም፤ በቀላሉ የምትያዘውም የምትተካውም እሷ ናት። አለቃው ዕፁን በእጁ አይነካም፣ ከገንዘቡ ግን መራቅ አይችልም። ጥሬ ገንዘቡን በአንድ የንግድ ቤት ስም ባንክ ያስገባል፣ ምንጩ እንዳይታወቅ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ያዘዋውረዋል፣ ከዚያ ቤትና ድርጅት ገዝቶ የተከበረ ነጋዴ ይሆናል።

አሜሪካዊው የወንበዴዎች አለቃ አል ካፖን እ.ኤ.አ. በ1931 የ11 ዓመት እስራት የተፈረደበት ግብር በማጭበርበር ነው እንጂ ባስገደላቸው ሰዎች አይደለም። ጣሊያናዊው መርማሪ ዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔም የሲሲሊን የሄሮይን ነጋዴዎች የተከታተለው የባንክ ወረቀት እያገላበጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ከአውራ ጎዳና ሥር ፈንጂ አጥምደው ገደሉት።

አንድ ትዕይንት ልስጥሽ። ሰውየው ከአንድ ሱቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚገባውን ደንበኛ በብጣሽ ወረቀት ላይ በጭረት ይቁጠር። ቀኑን ሙሉ አራት ጭረት ብቻ። በማግስቱ ጠዋት የሱቁ ሰው ትከሻው እስኪዘም የከበደ ቦርሳ ይዞ ባንክ ይገባል። ንግግር አያስፈልገውም።

የድብድብ አሰልጣኝ

በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ድብድብ ግን ጨርሶ አይቅር፤ የአክሽን ፊልም ነውና ተመልካቹ ይጠብቀዋል። ሃያውን ሰው ወደ ሦስት ወይም አራት አውርጂና ጠባብ ኮሪደር ውስጥ አስገቢያቸው፤ ከአንድ በላይ ሰው አይቀርበውም። በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ዘሎ አይራገጥም። ቀድሞ ይመታል፣ በርና ወንበር ይጠቀማል፣ ቶሎ ይጨርሳል። ካሜራው ከድብድቡ በኋላም ይቆይበት፦ ግድግዳ ተደግፎ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ጣቶቹ እየተንቀጠቀጡ በሩን መክፈት ሲያቅተው። ጥይትም ቁጠሪ። ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይዞ አሥር ጊዜ ከተኮሰ ተመልካቹ ይታዘብሻል።

ካሜራማን

እህቴ፣ መፍራትሽ ትክክል ነው፤ በዚህ ጉዳይ ማንም እንዳያግባባሽ። ባዶ ጥይት የሚባለው አረር የለውም እንጂ ባሩድ አለው፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው ግፊት በቅርብ ሰው ይገድላል። ተዋናይ ጆን ኤሪክ ሄክሰም እ.ኤ.አ. በ1984 በባዶ ጥይት የተጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ ደግኖ ቃታ ስቦ ሞቷል። በ1993 ተዋናዩ ብራንደን ሊ የሞተው ቀደም ሲል በርሜሉ ውስጥ ተሰክቶ የቀረ አረር በባዶ ጥይቱ ኃይል ተስፈንጥሮ ስለመታው ነው። በ2021 ደግሞ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ልምምድ ላይ ሳሉ ከሽጉጥ በወጣ እውነተኛ ጥይት ተገድላለች። እነዚህ ሁሉ የሞቱት ከእናንተ እጅግ የበለጠ ገንዘብ ባላቸው ቀረጻዎች ላይ ነው።

ከሩቅ ለሚታይ የጎማ ሽጉጥ፣ ከቅርብ ለሚታይ መተኮስ የማይችል አምሳያ ተጠቀሙ። ያም ቢሆን ሽጉጡን የሚይዝና የሚቆጣጠር አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ለተዋናዮቹ ከፍቶ ያሳያቸው። ከመቅረጻችሁ በፊት ለአካባቢው ፖሊስና ለጎረቤት አስታውቁ። ከሩቅ የሚያይ ሰው አምሳያውን ከእውነተኛው አይለየውም፣ ተጠርቶ የሚመጣው ፖሊስም እንደዚያው።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ለቡድኑ የምለውን አገኘሁ። ግን በአምሳያ ሽጉጥ ሲተኮስ ብልጭታው ሐሰት እንዳይመስል ምን እናድርግ?

ኤዲተር

ብልጭታው በኤዲቲንግ ይገባል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ከቀረጻችሁ ለአንድ ተኩስ አንድ ፍሬም ይበቃል፤ ሦስትና አራት ፍሬም ከቆየ ነው ሐሰት የሚመስለው። በዚያው ፍሬም የተዋናዩ ፊትና ከአጠገቡ ያለው ግድግዳ አብረው መብራት አለባቸው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ተዋናዩ ደግሞ ሽጉጡ ወደ ላይ እንደሚመታው አድርጎ አንጓውን ያንቀሳቅስ።

ከምስሉ ይልቅ ግን ለድምፁ ድከሙ። የሽጉጥ ተኩስ ከ140 ዴሲቤል በላይ ነው፤ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ጆሮ ያደነቁራል። ከመጀመሪያው ተኩስ በኋላ የሰውየው ጆሮ ይጩኽ፣ የሌሎቹ ንግግር ታፍኖ ይሰማ። ማን ከየት እንደመጣበት መስማት ካልቻለ እኛም አብረነው እንፈራለን።

ሜካፕ ባለሙያ

የዱቄቱን ነገር ልመልስ። ተዋናይዋ ምንም ዓይነት ዱቄት ወደ ሳንባዋ እንድታስገባ አታድርጉ፤ ስኳርም ቢሆን ተደጋግሞ ሲሳብ ይጎዳል። የምትስብበትን ቱቦ ውስጡን ቫዝሊን ቀቡት፤ ዱቄቱ እዚያው ይጣበቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ጎንበስ ስትል ከጀርባዋ መቅረጽና በባዶ ቱቦ ድምፁን ብቻ ማሰማት ነው።

ጠያቂ

ሃያዎቹን አራት አድርጌያቸዋለሁ። ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያቺን ጭረት ያለባትን ወረቀት ለማን ይውሰዳት?

የቀድሞ መርማሪ

እሱ ራሱ ላሠለጠነው፣ አሁን አለቃ ለሆነ መርማሪ። ልጁ ይወደዋል፣ ያከብረዋል፤ ግን ከውስጥ መረጃ የሚያወጣ ሰው አለ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ ሁለቱም አያውቁም። ሻይ እየጠጡ ሁለቱም ቀድመው ላለመናገር ይሞክሩ። ወረቀቷን ከመስጠቱ በፊት ግን ኮፒ አድርጎ ለግብር መሥሪያ ቤት ይላክ።