ዌብሶኬት በደንበኛዬ ቢሮ ፕሮክሲ አላልፍ አለኝ

ጥያቄ፦ በዌብሶኬት (በብራውዘርና በሰርቨር መካከል ክፍት ሆኖ የሚቆይ ግንኙነት) የቻት አፕ እየሠራሁ ነው። ቤት ሆኜ ስሞክረው ችግር የለውም። ደንበኛዬ ቢሮ ግን ፕሮክሲ (የቢሮውን የኢንተርኔት ግንኙነት መሃል ሆኖ የሚያስተላልፍ ሰርቨር) ስላለ 101 የሚለው ምላሽ፣ ማለትም ሰርቨሩ ወደ ዌብሶኬት መቀየሩን የሚገልጸው፣ በፍጹም አይመጣም። ግንኙነቱ አልተመሰጠረም፣ ፖርቱ 8080 ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በቲኤልኤስ (ግንኙነቱን በሚያመሰጥረው ፕሮቶኮል) አድርገህ ወደ ፖርት 443 አምጣው። ባልተመሰጠረ ግንኙነት ፕሮክሲው «አፕግሬድ» የሚለውን ሄደር (ወደ ዌብሶኬት እንቀየር የሚለውን መስመር) ሊቆርጠው ይችላል። በተመሰጠረው ግን ብራውዘሩ መጀመሪያ «ኮኔክት» ብሎ መንገድ ያስከፍታል፤ ከዚያ ፕሮክሲው ዳታውን ማመላለስ ብቻ ነው። ደግሞም የሰው መልእክት ነው እኮ፣ ሳይመሰጠር መሄድ የለበትም።

ሌላ መልስ፦ ሰርተፊኬቱን (የሰርቨሩን ማንነት የሚያሳየውን ፋይል) ማን እንደሰጠው ደንበኛህ ቢሮ ሆነህ እይ። በሰጪው ቦታ የደንበኛህ ድርጅት ስም ካለበት ምስጠራው መሃል ላይ እየተፈታ ነው። አፑ ሰርተፊኬቱን መፈተሹን እንዳታጠፋ፣ አደራ! የድርጅቱን የኔትወርክ ክፍል አነጋግር።

ጠያቂ፦ 101 መጣ! ግን ቻቱ ዝም ሲል 60 ሰከንድ ላይ ይቋረጣል።

መልስ፦ ከአፕህ ፊት ኤንጂንኤክስ (ጥያቄዎችን ተቀብሎ ወደ አፑ የሚያስተላልፍ የሰርቨር ሶፍትዌር) ካለ 60 ሰከንድ ነባሪ ገደቡ ነው። በየ30 ሰከንዱ ፒንግ (ግንኙነቱ ዝም እንዳይል የሚላክ አጭር ምልክት) ላክ።