ጥቆማ፦ ለክርን ሕመም ባሕር ዳር ላይ የት ልሂድ?

አናጢው ከዓባይ ማዶ
ሰላም የባሕር ዳር ልጆች። የእንጨት ሥራ ነው የምሠራው። የቀኝ ክርኔ በውስጥ በኩል፣ አጥንቱ ጉብ ያለበት ቦታ ላይ ክፉኛ ያመኛል። መዶሻ ስጨብጥ፣ ካቻቢቴ ሳዞር፣ መላጊያ ስገፋ ይብስበታል። አላበጠም፤ ጣቶቼም አይደነዝዙም። ሁለት ነገር ጠቁሙኝ። ፊዚዮቴራፒ የት ይሻላል፣ የመንግሥት ወይስ የግል? ክርን ላይ የሚታሰረውን ማሰሪያስ የት አገኛለሁ? ሥራ ማቆም አልችልም፤ የተቀበልኩት ትዕዛዝ አለ።

የግሽ ዓባይ ልጅ
አያ፣ ወጌሻ ነው መፍትሔው። እኛ ሰፈር ያሉት አባት የወንድሜን ትከሻ ወዲያው ነው የመለሱለት። ኳስ ሲጫወት ወልቆበት ነበር። ሆስፒታል ብንወስደው እስካሁን ወረፋ ላይ ነበርን።

ቀበሌ 14
ሰውዬው የጠየቀው ስለ ክርን ጅማት ነው እንጂ ስለ ውልቃት አይደለም። ማሰሪያውን ጊዮርጊስ አካባቢ ፋርማሲዎች ጠይቅ። እኔ ሁሌ የምገዛበት ቤት አለ። ባለቤቷ ሰው አክባሪ ናት፤ የሌለ ዕቃ እንኳ አስመጥታ ትሰጥሃለች። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ቦታውን ልንገርህ።

ባለሳይክሉ
የስፖርት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ያው ማሰሪያ በርካሽ አለ። እኔ አይቻለሁ፤ ያው ጨርቅ፣ ያው ማጣበቂያ ነው።

ቀበሌ 14
በነፃም ቢሰጡኝ ከዚያች ቤት አልወጣም። ልጄ ታሞ በሌሊት መድኃኒት የሰጠችኝ እሷ ናት።

ወጥ ቤት ነኝ
ወንድሜ፣ ማሰሪያውን ተወውና አንድ ነገር ስማኝ። መርፌ እንዳትወጋ! ሆቴል ነው የምሠራው። ሊጥ ማቡካት፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ ትልቅ ድስት ማንሳት ነው ውሎዬ። ልክ እንዳንተ በውስጥ በኩል አመመኝ። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። እጄን በቅጡ ሳይነካ «አንድ መርፌ ይበቃሻል» አለኝ። እውነትም ሕመሙ ጠፋ። ሥራዬን እንደ ድሮው ቀጠልኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲመለስ ግን ብርጭቆ ማንሳት አቃተኝ። የተወጋሁበት ቦታ ቆዳው ነጥቶ ቀረ። ምን እንደወጉኝ እንኳ የነገረኝ የለም።

የጣና ልጅ
የት ነው ይሄ ክሊኒክ?

ወጥ ቤት ነኝ
ስም አልጠራም። ሰው ግን ሳይጠይቅ አይወጋ።

ሙሉ ቀን
እኔንም ወገቤን ወግተውኛል። ለአንድ ሳምንት እንደ ልጅ ሮጥኩ፤ ከዚያ ያው ሆንኩ።

ዲያስፖራ ሰፈር
አክስቴ ጉልበቷን ተወግታ በጣም ተሽሏታል። መርፌ ሁሉ መጥፎ አይደለም።

የግሽ ዓባይ ልጅ
ለዚህ ነው ወጌሻ ያልኩት። አይወጋ፣ አያስከፍል።

ባለሳይክሉ
እንግዲያው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልን ዘግተን ቁልፉን ለሰፈርህ አባት እንስጣቸው።

የግሽ ዓባይ ልጅ
አባቶችን አትናገር! አንተን ያዋለደችህም የልምድ አዋላጅ ትሆናለች።

የጣና ልጅ
አትጣሉ። እኔ ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ ክርን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። እምቦጩ ከመጣ ወዲህ መረቡ እርጥብ ሣር ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ስንጎትተው የሚቃጠለው ይሄው የውስጡ ቦታ ነው። እኛ በሞቀ ውሃ ነው የምናሸው።

ሙሉ ቀን
ዓሣ አጥማጁ፣ ቆረሶ በኪሎ ስንት ገባ?

የጣና ልጅ
ወደብ ላይ ና፤ እንነጋገራለን።

ፊዚዮ ነኝ
ጎንደር ፊዚዮቴራፒ ተምሬ እዚሁ ከተማ እሠራለሁ። ወደ ጥያቄው ልመለስ።

የእጅ አንጓን ወደ ውስጥ የሚያጥፉት ጡንቻዎች ጅማት የሚያያዘው ያች ጉብ ያለች አጥንት ላይ ነው። ጎልፈርስ ኤልቦ፣ የጎልፍ ተጫዋች ክርን ማለት ነው፣ ይሉታል፤ ግን መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ሊጥ፣ መረብ፣ ሁሉም ያመጡታል። ብዙ ጊዜ ሲቆይ ጅማቱ ውስጡ ይጎዳል እንጂ እንደ ቁስል አያብጥም። የወጥ ቤቷ እህታችን የደረሰባት ከዚህ ጋር ይገናኛል። የተወጋችው ኮርቲዞን የሚባለው መድኃኒት ሳይሆን አይቀርም። የኮርቲዞን መርፌ ሕመሙን ለሳምንታት ያስታግሳል፤ የተጎዳውን ጅማት ግን አያጠነክረውም። ቆዳን ማንጣትም ከታወቁ ጉዳቶቹ አንዱ ነው።

ጅማት የሚጠነክረው ቀስ በቀስ ጭነት ሲለምድ ነው። ክንድህን ጠረጴዛ ላይ አሳርፍ፤ መዳፍህ ወደ ላይ ይሁን፤ እጅህ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይውጣ። ግማሽ ሊትር ውሃ የሞላ ጠርሙስ ያዝ። በግራ እጅህ እያገዝክ አንጓህን ወደ ላይ አጥፈው፤ ከዚያ በቀኙ ብቻ እስከ አምስት እየቆጠርክ አውርደው። አሥራ አምስት ጊዜ፣ በሦስት ዙር። ይህም የሚከብድህ ከሆነ መጀመሪያ ጠርሙሱን ሳታንቀሳቅስ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ያዘው። ሌላም አለ። መዶሻህን እጀታው ላይ ይዘህ መዳፍህን ቀስ ብለህ ወደ ላይና ወደ ታች አዙር። ወደ መዶሻው ራስ ተጠግተህ ብትይዘው ይቀልሃል። ትንሽ ቢያምህ ችግር የለውም። በማግስቱ ከባሰብህ ክብደቱን ቀንስ።

ማሰሪያውን ከየትም ግዛው። ከሚያምህ አጥንት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ አድርገህ ጡንቻው ላይ እሰረው። ሥራ ላይ ብቻ ይሁን፤ ማታ ይፈታ። የመዶሻህን እጀታ ደግሞ በአሮጌ ካለማዳሪ ጠቅልለው። ወፈር ሲል ጭብጥህ ይላላል።

ባለሳይክሉ
ካለማዳሪ ከፈለግህ እኔ ጋ ሞልቷል። ሳይክል ነው የምጠግነው፤ በነፃ ውሰድ።

አናጢው ከዓባይ ማዶ
እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ወጌሻ ጋ ብሄድስ ይጎዳኛል?

ፊዚዮ ነኝ
ለውጡን በሳምንታት ታየዋለህ፤ በደንብ ለመዳን ግን ወራት ይፈልጋል። መታሸት ከፈለግህ ጡንቻው ላይ ለስለስ ብሎ ይሁን። ከአጥንቱ ኋላ ግን ማንም እንዳይጫንህ አደራ! እዚያ ነርቭ ያልፋል። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት መደንዘዝ ከጀመሩ፣ ወይም ክርኑ ካበጠና ካተኮሰህ ቶሎ ሐኪም ይይህ።

ጤና ጣቢያ ነርስ
የጤና መድን ካርድ ካለህ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፈህ ሂድ። ያለ ሪፈር መድኑ ሙሉውን አይሸፍንልህም። ለአጥንት ሐኪም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታልም አለ። ዲክሎፌናክ የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ቅባት ለጊዜው ያግዝሃል። እንክብሉን ግን ጨጓራ ካለብህ ሳትጠይቅ አትዋጥ።

ዲያስፖራ ሰፈር
የግል ይሻላል። ሰዓት ያስይዙሃል፤ በደንብ ያዩሃል።

ፊዚዮ ነኝ
የግልም ይሁን የመንግሥት አንድ ነገር ተመልከት። እጅህን ነክቶ የሚመረምር፣ ስለ ሥራህ የሚጠይቅ፣ ቤት የምትሠራውን መልመጃ የሚያሳይህ ከሆነ እዚያው ቆይ። ማሽን ለጥፈው ገንዘብ ተቀብለው ብቻ የሚሸኙህ ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ።

ወጥ ቤት ነኝ
ይህን ያኔ የሚነግረኝ ባገኝ! መልመጃውን እኔም ልጀምር? የተወጋ እጅ ይሠራበታል?

ፊዚዮ ነኝ
ይሠራል እህቴ። አንቺ ግን ባዶ እጅሽን ጀምሪ፤ ጠርሙሱ ይቆይሽ። ቀድሞም አንድ ሐኪም ይይሽ።

ቀበሌ 14
አናጢው፣ ፋርማሲዋ እሑድም ክፍት ናት።

ሙሉ ቀን
ለጉልበትስ የት ይሻላል? እናቴ ደረጃ መውጣት አቅቷታል።

የግሽ ዓባይ ልጅ
ወጌሻ!