አስቸኳይ፦ የወይን ቡሽ ጠርሙሱ አንገት ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ እንግዶች 12 ሰዓት ይገባሉ

ጠያቂ
ወገኖች ድረሱልኝ። ስማቸው ተሸፍኖ ተቀምሰው ነጥብ የሚሰጣቸው ስድስት ወይኖች አዘጋጅቻለሁ። የጣሊያኑ ቀይ ወይን የኪያንቲ ቡሽ ግማሹ ወጣ፣ ግማሹ አንገቱ ውስጥ ቀረ። ቀድሜ የከፈትኩት የደቡብ አፍሪካ ፒኖታዥ ደግሞ ሽታው ልክ አይደለም። የቀሩት ጉደር፣ አክሱማይት፣ የሪፍት ቫሊ ሜርሎና አንድ ነጭ ሻርዶኔ ናቸው። አሁን 10 ሰዓት ከ20 ነው፤ ሱቅ መሄጃ ጊዜ የለም።

ዘለላ
መክፈቻውን በቀድሞው ቀዳዳ ቀጥ አድርገህ አትመልሰው፤ ቡሹን ይፈረፍረዋል። ጫፉን ወደ ጠርሙሱ ግድግዳ አጋድለህ ያልተበሳ ቦታ ላይ ትከል። ሦስት ዙር ቀስ ብለህ አዙር፣ ከዚያ ሳትነቀንቅ ሳበው። ከታች በኩል ወጥቶ እንዳይፈረፈር መክፈቻው ቡሹን ዘልቆ አይውጣ።

ጣዕም ፈላጊ
ወደ ውስጥ ግፋው ይለቅህ። ለቡሹ ነጥብ የሚሰጥ የለም!

መምህሩ
ኪያንቲ የጣሊያኗ ቶስካና ወይን ነው፤ ዋናው የወይን ዝርያው ሳንጆቬዜ ይባላል፣ ኮምጣጣነቱም ምላስ ማድረቁም ከፍ ያለ ነው። ፒኖታዥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ፒኖ ኗር የተባለው የወይን ዝርያ ሲንሶ ከተባለው ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ነው። ይህን የምለው ቀማሾችህ ሁለቱን በአንድ ሚዛን እንዳይፈርዱባቸው ነው። ኪያንቲ መኮምጠጡ ጉድለቱ አይደለም፣ ጠባዩ ነው። ነጥቡን ከ20 አድርገው፦ ለመልክ 2፣ ለሽታ 6፣ ለጣዕም 8፣ ከተዋጠ በኋላ አፍ ውስጥ ለሚቆየው 4። ሁሉም ጽፎ ሳይጨርስ ማንም አይናገር፤ አንድ ሰው «ቼሪ ይሸታል» ካለ ጠረጴዛው በሙሉ ቼሪ ይሸተዋል።

ሰናይት
መምህር፣ ሰውየው ቡሽ ተሰብሮበታል እኮ! ጠያቂ፣ የፒኖታዡ ሽታ የምን ዓይነት ነው? የገማ እንቁላል ወይም የተጫረ ክብሪት ከሆነ ሰፊ ማሰሮ ውስጥ ገልብጠህ 30 ደቂቃ አናፍሰው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይለቃል። አቼቶ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተ ተበላሽቷል። የረጠበ ካርቶን ወይም የሻገተ ምድር ቤት ከሸተተ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ ማናፈስ አያድነውም፣ እንዲያውም ሽታው እየጎላ ይሄዳል።

ጠያቂ
ካርቶን። ቁርጥ ዝናብ የመታው ካርቶን።

ሰናይት
እንግዲያው ከውድድሩ አውጣው። ጤና አይጎዳም፣ ግን የፍሬውን ሽታ ይውጠዋል፤ ነጥብ ብትሰጡት የምትመዝኑት ቡሹን ነው። ደረሰኙ ካለህ ጠርሙሱን ሳትደፋ መልስ።

ዳዊት ዘ ፒያሳ
ንጹሕ የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ ጨምድደህ ወይኑ ውስጥ አስር ደቂቃ ብትነክር መጥፎውን ሽታ ይስባል፤ ላስቲኩ ግን የፖሊኢታይሊን መሆን አለበት።

ሰናይት
ይስባል፣ ግን ከመልካሙም ሽታ ይቀንሳል። ለመጠጣት ይሆናል እንጂ ለውድድር አይሆንም።

ከዝዋይ
እኔ ግን ሁሉንም አንድ ላይ በማወዳደሩ ሐሳብ አልስማማም። አክሱማይት ጣፋጭ ወይን ነው፤ ከደረቅ (ስኳራቸው እምብዛም ከማይሰማ) ቀዮች ጋር ተሰልፎ ብዙ ያልቀመሰ ሰው ሲዳኝ ስኳሩ ያሸንፋል። ከሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ደግሞ መራራና ኮምጣጣ ይመስላል፣ ኪያንቲው ይበልጥ። ለብቻው መጨረሻ ላይ አቅርበው፣ ደረጃም አታስገባው። ሜርሎውንም «የአገር ውስጥ» ብለህ በይሉኝታ አትፍረድበት። ዘለላው የሚበቅልበት የዝዋይ አካባቢ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ዘለላው ኮምጣጣነቱን እንዲጠብቅ ይረዳዋል። ስሙን ሸፍነህ ከውጭዎቹ ጎን አቁመው።

ጠያቂ
እሺ፣ አክሱማይት መጨረሻ። ቡሹ ግን እምቢ አለ፣ እየተፈረፈረ ነው።

ጣዕም ፈላጊ
ግፋው አልኩህ።

ዘለላ
አሁንስ እሱ ልክ ነው። የእንጨት ማማሰያ እጀታ ተጠቀም። ስትገፋ ውስጡ የታመቀው አየር ወይኑን ይረጨዋል፣ ስለዚህ አንገቱን በጨርቅ ሸፍን። በቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም በታጠበ ሻሽ አጥልለህ ወደ ማሰሮ ገልብጥ። ሻሹ የሳሙና ሽታ ካለው ወይኑ ሳሙና ይሸታል፤ አስቀድመህ በሙቅ ውኃ፣ ከዚያ በጥቂት ወይን አለቅልቀው። ግን አንድ ወይን ብቻ በማሰሮ ቢመጣ ሁሉም ይለየዋል። ሁሉንም በማሰሮ አቅርብ ወይም የማይቀምስ ሰው ሌላ ክፍል ሆኖ ይቅዳ።

ሰናይት
ሙቀቱንም እንዳትረሳ። ነጩን አሁኑኑ በረዶ፣ ውኃና አንድ እፍኝ ጨው ያለበት ባልዲ ውስጥ ክተት፤ በ20 ደቂቃ ይቀዘቅዛል። ቀዮቹ ቤት ውስጥ ከቆዩ ከመቅዳትህ በፊት 20 ደቂቃ ፍሪጅ ይግቡ፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃቸዋል። ሞቅ ያለ ቀይ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል። መጀመሪያ ነጩን፣ ቀጥሎ ጉደርንና ሜርሎውን፣ ከዚያ ኪያንቲውን ቅዳ። ለአንድ ሰው ከየወይኑ 50 ሚሊ ሊትር በቂ ነው፣ መትፊያ ዕቃም አስቀምጥ። ቅምሻው ሳያልቅ ቡና አይቆላ፣ እጣን አይጨስ። አዋዜም ይቆይ፤ ቃሪያና በርበሬ የአልኮሉን ማቃጠል ያብሳሉ። በመሃል ነጭ ዳቦና ውኃ ብቻ።

ከዝዋይ
ጠያቂ፣ በፒኖታዡ ምትክ ምን አስገባህ? አምስት ሆኑ ወይስ ሌላ ጠርሙስ ተገኘ?

ዘለላ
ቡሹስ ገባ?