ማታ በቴሌግራም ለሚፈጸም ጥቃት ደንቡ እንዴት ይጻፍ?

የትምህርት ቤት አማካሪዎችና ርዕሳነ መምህራን፣ እባካችሁ አግዙን። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ማታ በቴሌግራም ግሩፕ አንዲት ልጅ ላይ ይሳለቃሉ፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ ማንም አጠገቧ አይቀመጥም። ደንባችን «በግቢ ውስጥ» ስለሚል የአጥፊዎቹ ወላጆች «አያገባችሁም» ይላሉ።

ላኪው መልእክቱን ከሁሉም ስልክ ላይ ማጥፋት ስለሚችል ስም፣ ቀንና ሰዓት የሚታይበት ስክሪንሾት ወዲያው ተይዟል። ፊት ለፊት አስቀምጦ ማስታረቅን ሆን ብለን ትተነዋል፤ አቅማቸው እኩል ስላልሆነ ተበዳይዋ ፈርታ «ይቅር ብያለሁ» ትላለች፣ በቀሉ ከግቢ ውጭ ይቀጥላል። ሁሉም ለየብቻ ተጠይቀዋል፤ በእረፍት ሰዓት የሚከታተል መምህርም ተመድቧል።

የቸገረን ይህ ነው፦ «የትም ይፈጸም፣ የተማሪን ትምህርት ወይም ደህንነት ካወከ» ብለን ደንቡን ብናሻሽል ላለፈው ድርጊት ልንጠቀምበት አንችልም። ታዲያ አጥፊዎቹን ክፍል ውስጥ በሚታየው ማግለል ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ያስኬዳል? የሠራላችሁ አንቀጽ ካለ ቃል በቃል ጻፉልን።