የውጭው ሚሲዮን በ3 ዓመት ሊወጣ ነው፤ ለአጥቢያ ሽማግሌዎች ምን ቀድሞ ይሰጥ?

ከአጥቢያ ጽሕፈት ቤት

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በደቡብ ኢትዮጵያ ገጠር የሚሠራ አንድ የውጭ ሚሲዮን ሥራውን በ3 ዓመት ውስጥ ለአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አስረክቦ ለመውጣት ወስኗል። 12 አጥቢያ፣ 9 ወንጌላውያን፣ አንድ ክሊኒክና አንድ መኪና አለ። የወንጌላውያኑ ደመወዝ በሙሉ የሚመጣው ከውጭ ነው። በየአጥቢያው ከ40 እስከ 50 አባወራ አለ፤ አብዛኛው ገበሬ። ሽማግሌዎች ተመርጠዋል። ሆኖም ባንክ ላይ የሚፈርመው ሚሲዮናዊው ነው፤ የጥምቀት እጩዎችን የሚያጸድቀውም እሱ ነው። ዕቅዱ ሁለቱን ዓመት ለሥልጠና፣ ሦስተኛውን ለገንዘብና ለንብረት ርክክብ መድቧል። ቅደም ተከተሉ ልክ ነው? ደመወዙስ እንዴት ይቀነስ?

ሒሳብ መርማሪ

ወንድማችን፣ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ሥልጣን የሌለው ሰው ምን ይሠለጥናል? ሽማግሌዎቹ ሁለት ዓመት ስለ በጀት ተምረው በጀት ካልወሰኑ፣ በሦስተኛው ዓመት ቁልፉ ሲሰጣቸው የመጀመሪያ ስህተታቸውን የሚሠሩት አጠገባቸው ማንም በሌለበት ነው። ስህተቱ ሚሲዮናዊው ገና እዚያው ሳለ፣ በትንሽ ገንዘብ ይሠራ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ የጥምቀት እጩ ማጽደቅ፣ አባል መገሠጽና መመለስ፣ ሰባኪ መመደብ በሽማግሌዎች እጅ ይሁን። እነዚህ ሳንቲም አይጠይቁም።

ፊርማውን በስድስት ወር ውስጥ ለውጡ። ሦስት ፈራሚ ይመረጥ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሲፈርሙ ገንዘቡ ይውጣ። ሚሲዮናዊው ከሦስቱ አንዱ እንዳይሆን፤ እሱ ካለበት ሌሎቹ ሁለቱ ዓይኑን እያዩ ነው የሚፈርሙት። ገንዘብ ያዡም ፈራሚ አይሁን። የእሑዱ መባ ከአምልኮ በኋላ እዚያው፣ የሥጋ ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች ይቆጠር፤ ሁለቱም መዝገቡ ላይ ይፈርሙ፤ ገንዘብ ያዡ ደረሰኝ ቆርጦ ይረከብ። ባንክ ሩቅ ከሆነ በገንዘብ ያዥ እጅ የሚያድረው ከፍተኛ መጠን በቃለ ጉባኤ ይወሰን። በገጠር አጥቢያ ገንዘብ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በስርቆት አይደለም። ገንዘብ ያዡ ቤቱ ያስቀመጠውን ለዘመድ ሕመም «እመልሰዋለሁ» ብሎ ያነሣዋል፣ ክረምት ይገባል፣ መመለሻ ያጣል። ጣሪያ ያለው ደንብ ሰውየውን ራሱን ከዘመድ ልመና ያድነዋል፤ «ከዚህ በላይ እጄ ላይ የለም» ማለት ይችላልና።

ወደ ደመወዙ ልምጣ። አሥር አባወራ በትክክል አሥራት ቢያወጣ የአንድ አማካይ አባወራ ገቢ ይሆናል። አንድ ወንጌላዊ በምእመኑ ኑሮ ልክ እንዲኖር አሥር እውነተኛ አሥራት ከፋይ ይበቃል ማለት ነው፤ ለጣሪያ፣ ለችግረኛና ለመንገድ ግን የሚተርፍ የለም። ከ45 አባወራ ውስጥ ሩቡ ብቻ ዘወትር የሚሰጥ ከሆነ 11 ነው፤ ለወንጌላዊው ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ 12ቱ አጥቢያዎች ወደ ማዕከል ከሚልኩት ውስጥ ለደመወዝ ብሎ መመደብ ወይም ሁለት አጥቢያ አንድ ወንጌላዊ እንዲጋሩ ማድረግ ግድ ነው። ችግር የሚመጣው ሚሲዮኑ የሚከፍለው ደመወዝ ከገበሬው ገቢ በእጥፍና በሦስት እጥፍ ሲበልጥ ነው። ያን ደመወዝ አጥቢያው እንዲሸከም ምንም ዓይነት ሥልጠና አያስችለውም።

አቀናነሱ ላይ፣ በየዓመቱ ከ100 ወደ 75፣ ወደ 50፣ ወደ 25 የሚለው በወረቀት ያምራል። በተግባር እስከ ሁለተኛው ዓመት ማንም አይነቃም፤ በሦስተኛው ወንጌላዊው ከተማ ወርዶ ሥራ ይፈልጋል። ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ለሚመደብ አንድም አገልጋይ ከውጭ ገንዘብ አለመክፈል ይበልጣል። ነባሮቹ 9ኙ ይቀነስላቸው፤ ከቅነሳው ጎን አጥቢያው የሚጨምረው ልክ በጠቅላላ ጉባኤ ይጽደቅ። የተጠራቀመ የስንብትና የጡረታ መብት ካላቸው ሚሲዮኑ ከመውጣቱ በፊት ይክፈል። ቀጣሪው እሱ ነበር፤ ዕዳውን ለሽማግሌዎች አውርሶ መሄድ ትክክል አይደለም።

ነቀዝና ጎተራ

ሒሳብ መርማሪ ያሉት ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን ገበሬ በወር አይከፈለውም። እህሉና ቡናው የሚገባው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ደመወዝ ግን ሐምሌም ነሐሴም አለ። በመኸር የመጣውን እየከፈሉ የሚሄዱ አጥቢያዎች ሰኔ ላይ ባዶ ይሆኑና «ሕዝቡ አይሰጥም» ይባላል። ሕዝቡ ሰጥቷል፤ ያስቀመጠ የለም። ከመኸሩ ገቢ ቢያንስ አራት ወር የሚያስከፍለው ለብቻ ይቀመጥና ከሰኔ በፊት አይነካ።

በዓይነት የሚመጣውን አትናቁ። በቆሎ፣ ቡና፣ በግ፣ እንቁላል፣ የእንሰት ውጤት፤ ይህን ለመቀበል ያልተዘጋጀች ቤተ ክርስቲያን የምእመኗን ግማሽ ትከለክላለች፤ በተለይ ሴቶችን፣ ጥሬ ብር እጃቸው ስለማይገባ። ለእህል በአጥቢያው አንድ ዓይነት መስፈሪያ ይኑር፤ አንዱ በጣሳ ሌላው በቁና ከሰፈረ መዝገቡ አይገጥምም። እህሉ ደርቆ ይግባ፤ ሲነከስ ካልጠነከረ መልሳችሁ አስጡት። ጎተራው ከመሬት ከፍ ይበል። ነቀዝ በሦስት ወር ውስጥ በቆሎን ዱቄት ያደርገዋል፤ ማቆየት ካልቻላችሁ ገበያው ዝቅ ቢልም ቶሎ ሽጡ። ሻጩ ኮሚቴ ሁለት ሰው ይሁን፤ የገበያው ዋጋ በዕለቱ ይጻፍ።

የታሪክ ማኅደር

ሦስት ነገር ልጨምር፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ራስን ማስተዳደር፣ ራስን መቻል፣ ራስን ማስፋፋት የሚለው ሦስትዮሽ አዲስ አይደለም፤ የሚሲዮን ማኅበር መሪዎቹ፣ የእንግሊዙ ሄንሪ ቬን እና አሜሪካዊው ሩፎስ አንደርሰን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ይዘውት ተነሥተዋል። ወደ ሥራ ሲገባ የሆነውን በምዕራብ አፍሪካ በናይጄር ወንዝ ሚሲዮን ማየት ይቻላል። ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር በዛሬዋ ናይጄሪያ የሚኖረው የዮሩባ ሕዝብ ተወላጅ ነው፤ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ በእንግሊዝ ባሕር ኃይል ነፃ የወጣ፣ በ1864 ጳጳስ የተደረገ። ጳጳስነቱ እውነት ነበር፤ ገንዘቡና የሠራተኛው ጉዳይ ግን ከእጁ አልገባም። በ1890 ከእንግሊዝ የመጡ ወጣት ሚሲዮናውያን በገንዘብ ኮሚቴው በኩል የክራውዘርን ሠራተኞች አገዱ፤ እሱም ከኮሚቴው ለቀቀ፤ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ ላይ ዐረፈ። በቦታው የተሾመው አውሮፓዊ ነበር። ጠያቂው ወንድማችን ባንክ ላይ ማን እንደሚፈርም መጥቀሱ ትልቅ ነገር ነው፤ የክራውዘር ማዕረግ ያለ ሥልጣን የቀረው በዚያው በር ነው።

ሌላም አለ፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክራውዘር አብሮት ያሠማራቸው ብዙዎቹ ሠራተኞች ከሴራሊዮን የመጡ ነበሩ። አፍሪካውያን ናቸው፤ ለወንዙ ዳር ሕዝብ ግን እንግዶች፤ ቋንቋውን በአስተርጓሚ የሚናገሩም ነበሩባቸው። አፍሪካዊ መሆን የአካባቢው ሰው መሆን አይደለም። ከሌላ ዞን፣ ከሌላ ቋንቋ የሚላክ ወንጌላዊም ሚሲዮናዊ ነው፤ ለእሱም የመውጫ ቀን ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ወላይታ ነው። ሱዳን ኢንቲሪየር ሚሲዮን በ1928 ሶዶ ገባ። በጣሊያን ወረራ የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን በ1937 ሲወጡ የተጠመቁት 48 ያህል ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10,000 ገደማ አማኝ አገኙ። ይህን የሚተርኩ ሰዎች «ሚሲዮናዊ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ታድጋለች» ብለው ያቆማሉ፤ ጎዶሎ ነው። ሳይወጡ በፊት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የማርቆስ ወንጌል በወላይትኛ ነበር፤ የጸሎት ቤቱን ምእመኑ በራሱ እንጨትና ሣር ሠርቶ ነበር። እንደ ዋንዳሮ ያሉት አገልጋዮች ታስረውና ተገርፈው የቆሙት የውጭ ደመወዝ ሲቋረጥ የሚፈርስ ነገር ስላልነበራቸው ጭምር ነው።

ከአጥቢያ ጽሕፈት ቤት

ተባረኩ፤ ብዙ ተምረናል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ሽማግሌዎቹ ከተመረጡት ውስጥ ሊቀ መንበሩ ለ8 ዓመት የሚሲዮናዊው አስተርጓሚ የነበረ ወንድም ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ጉባኤው ሲናገር ዝም ይላል። ክሊኒኩና መኪናውስ እንዴት ይሁኑ?

የመንደር ትምህርት

ስለ አስተርጓሚው። ይህ በብዙ አገር ይደጋገማል፤ መሪ የሚወጣው ሚሲዮናዊው ሊያናግረው ከሚችለው ሰው መካከል ነው፤ ሕዝቡ ነገር ሲከብደው የሚሄድበት ሰው ግን እንግሊዝኛ አያውቅም። መለያው ቀላል ነው፦ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የወሰን ክርክር ሲነሣ፣ ለቅሶ ሲሆን ሰው የማንን ደጅ ይጠናል? እሱ ከሽማግሌዎች መካከል ከሌለ ምርጫው ለሚሲዮናዊው እንዲመች ተደርጎ ነው የተካሄደው። ወንድማችንን አታዋርዱት። የጸሐፊነቱ ሥራ ለእሱ ይስማማዋል፤ ደብዳቤና ሪፖርት ያውቃል። የሥራ ዘመን በደንቡ ይገደብና በቀጣዩ ምርጫ በክብር ይቀየር። ስብሰባውም ከዛሬ ጀምሮ በአካባቢው ቋንቋ ይካሄድ፤ ሚሲዮናዊው ከተገኘ ይተርጎምለት እንጂ ጉባኤው ለእሱ ብሎ ቋንቋ አይለውጥ። በዚህ ብቻ ዝም ያሉት ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ ሁለት ወጣት መርጦ ለአራት ዓመት ከተማ መላክ ገጠሩን አያገለግልም፤ አብዛኛው ከተማ ይቀራል፤ የተመለሰውም በአባቱ ዕድሜ ባሉ ሽማግሌዎች ላይ በዲፕሎማ ይሾማል። በ1963 እ.ኤ.አ. በጓቲማላ የተጀመረውና በኋላ በአፍሪካ የተስፋፋው የርቀት ሥነ መለኮት ትምህርት የተነሣው ከዚሁ ችግር ነው፦ የሚመራው ሽማግሌ እርሻውን ሳይለቅ በቤቱ ያነብባል፣ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ቀን ከመምህር ጋር ተገናኝቶ ይወያያል። በእርሻና በአጨዳ ወራት አታስተምሩ። የማያነብ ሽማግሌ ካለ ትምህርቱ በቃል ይሰጥ፤ ታሪኩን ሰምቶ መልሶ ይተርክ፣ ከዚያ ይፈተን።

ሒሳብ መርማሪ

ክሊኒኩን ለአጥቢያዎቹ እንዳትሰጡ። የመድኃኒት፣ የነርስና የፈቃድ እድሳት ወጪ 12 አጥቢያ አይችለውም፤ አሥራቱን በልቶ ወንጌላዊውን ያባርራል። ለብቻው ቦርድና የባንክ ሒሳብ ያለው ተቋም ይሁን፤ ወይም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ ለመንግሥት ይተላለፍ፤ ወይም ቤተ እምነታችሁ የልማት ክፍል ካለው እዚያ ይግባ። እርግጥ ነው ወንጌልና ልማት በመንፈስ አይለያዩም፤ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1972 እ.ኤ.አ.፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ ይህን አጥብቃ ተናግራለች፤ ለሰው በሙሉነቱ ማገልገል ነው የጠየቀችው። እኔ የምለው የሒሳብ መዝገቡ ይለይ ነው።

መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ያለፈውን ሁለት ዓመት የነዳጅ፣ የጎማ፣ የጥገናና የኢንሹራንስ ወጪ በጽሑፍ ጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ስም ማዛወሩ የጉምሩክ ጉዳይ አለበት፤ ቀረጡ ይጠየቃል፤ ይህን የሚከፍለው ማን እንደሆነ በርክክብ ሰነዱ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ሁለት ሞተር ሳይክል ከአንድ መኪና ይበልጣል። መሬቱም የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም እንደሆነ ዛሬውኑ ይታይ፤ ሕጋዊ ሰውነት ወዳለው ቤተ እምነት ስም ማዛወር ወራት ይፈጃል፤ ሚሲዮኑ ፈቃዱን ከመለሰ በኋላ ፈርሞ የሚያዛውር ሰው አይገኝም።

የታሪክ ማኅደር

አንድ ሙከራ ልጠቁም፤ ዓመቶቹ አሁንም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ኬንያዊው ጆን ጋቱ በ1971 የውጭ ሚሲዮናውያንና ገንዘብ ቢያንስ ለ5 ዓመት ይቁም ብለው ጥሪ አቀረቡ፤ በ1974 የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሉሳካ ላይ ሐሳቡን ደግፎ ተነሣ። እንዳለ ባይፈጸምም በትንሹ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፦ በመጀመሪያው ዓመት ሚሲዮናዊው 3 ወር፣ በሁለተኛው 6 ወር ከአካባቢው ይውጣ፤ ስልክም አይመልስ። የቆመውን ሁሉ ሽማግሌዎች ይመዝግቡ፤ የቀረውን ጊዜ ሥልጠና ያ ዝርዝር ይወስን። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1982 በደርግ ስትዘጋ 5,000 ያህል አባል ነበራት፤ በ1991 እንደገና ስትከፈት 34,000 ገደማ። በየቤቱ የሚሰበሰቡ ጥቂት ጥቂት ሰዎችን የሚመሩ ብዙ ምእመናን ነበሩ እንጂ አንድ ሰው አልነበረም የተጠበቀው።

የመንደር ትምህርት

ከወጡ በኋላ ስለሚመጣው ደብዳቤ አንድ ነገር ዛሬውኑ ተስማሙ። በውሳኔ ያዘነ አባል ወይም የተሰናበተ ወንጌላዊ በቀጥታ ለቀድሞው ሚሲዮናዊ መጻፉ አይቀርም፤ እሱም አዝኖ ትንሽ ገንዘብ ይልካል፤ በዚያች ገንዘብ ሽማግሌዎቹ የወሰኑት ይሻራል፤ ብዙ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የምትከፈለውም እዚያ ላይ ነው። በርክክብ ሰነዱ ላይ «ማንኛውም ደብዳቤ ሳይመለስለት ለአጥቢያው ጽሕፈት ቤት ይላካል፤ ለግለሰብ ገንዘብ አይላክም» ተብሎ ይጻፍ፤ ሚሲዮናዊውም በአገሩ ያሉ ደጋፊዎቹም ይፈርሙበት።